ከሉማሜ ጎጃም በረንዳ፣ በጢስ ምክንያት

መርካቶ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው መርካቶን ለማታዩት ለሉማሜ ሴቶች ነው። መጨረሻውን ግማሾቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ የቀራችሁት ግን ከአጥር ወሬ ይልቅ ከኔው ብትሰሙት ይሻላል። አባቴ ቄስ ነበሩና ዳዊት አስደግመውኛል። ያስደገሙኝ ስለ አረቄ እንድጽፍበት አልነበረም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ለማያውቀኝ፣ እናኑ እባላለሁ። አረቄ አወጣለሁ፣ ብቅልም እሸጣለሁ። ሉማሜ ላይ አረቄ የምናወጣ አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ያወጣነውን በአንድ በርሜል እናቀላቅልና መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ላሉ ጋሼ ዘርጋ ለሚባሉ ነጋዴ እንልካለን። ዘንድሮ ለመስቀል የላክነው በርሜል በሄደበት መኪና ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ ይዞት የመጣው ቃል አጭር ነበር፤ «ጢስ ጢስ ይላል።»

አረቄ ጢስ ጢስ አለ ማለት ድፍድፉ ጋኑ ሥር አርሯል፣ አውጪዋም እሳቱን ትታ ተኝታለች ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ማን እንደተኛች እንድለይ ማኅበሩ እኔን መረጠ። ሉማሜ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ አፍንጫ የለም፤ ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፣ ግን የተቃወመኝ አልነበረም። አሥራ አንድ ቤት ዞሬ ከየቤቱ የቀረውን ቀመስኩ። ጢሱ ውዴ ቤት ተገኘ።

ውዴ የአጥር ጎረቤቴ ናት። «እናኑ፣ በማርያም! እሳቱን ለአፍታ አልተውኩትም» አለችኝ። እኔም «አፍንጫዬ አይዋሽም» አልኳት። ጋኗን ገለበጥንባት፤ ዓመት እስኪሞላ አረቄ እንዳታወጣ ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ጋን ሌላ እንጀራ የላትም። ሲገለበጥባት አላለቀሰችም፤ እኔን ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ጋሼ ዘርጋን አግባቢልን ብሎ ላከኝ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ከማርቆስ ተነስቶ አንድ ሰዓት ላይ ሉማሜ ይደርሳል ተብሎ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሾፌሩ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እንዲያውም «አልወጣሽም እንዴ እስካሁን?» ብሎ ተቆጣኝ። በዘንቢሌ ሁለት ጠርሙስ ይዣለሁ። አንደኛው አዲስ ያወጣሁት፣ ሁለት ጊዜ የተጣራ ዳግም አረቄ ነው፤ ጋሼ ዘርጋ ቀምሰው ልባቸው እንዲራራ። ሁለተኛው ያ ጢሳሙ የውዴ አረቄ ነው፤ እንዳይሳሳትብኝ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ሁለቱንም በቆረቆንዳ ወተፍኳቸው፤ እኛ ቤት ከበቆሎ እምብርት ሌላ ውታፍ አይታወቅም።

አጠገቤ የተቀመጠችው እትዬ ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ናት። ማርቆስ ቡልኮ ገዝታ መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ትሸጣለች። ቡልኮዎቿን በእግሯ ሥር ከምራ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዘንቢሌን ስታይ ጠረጠረች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አረቄ።»

«እንግዲያው ወደዚያ አስጠጊው፣ የኔ እህት» አለችኝ። ወደዚያ ያለው የራሴ እግር ብቻ ነበርና ወደ ራሴ አስጠጋሁት።

ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ከሉማሜ ጋቢ ለብሼ ነው የወጣሁት፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋቢውን አወለቅሁ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ የሚወለቅ አጣሁ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን፣ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ፣ ወረደ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አብሮት መታ። አንድ ሽማግሌ መለዋወጫውን ጎማ ሳይቀር መቱት። ጎማው ደህና ነው። እኔ ግን አልወረድኩም፤ ምን እንደፈነዳ አውቄያለሁና።

መልካሙ አረቄ ቆረቆንዳውን ተኩሶ በእትዬ ዘይነባ ቡልኮዎች ላይ ተደፍቷል። የቀይ ክሩ ጠርሙስ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ዘይነባ ወደ ቡልኮዎቿ ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች፣ እንደገና ጎንበስ አለች።

«ወላሂ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። ዛሬ እሱ ተከትሎኝ መጣ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሾፌሩ «ሁለተኛ ከዚህች ሴትዮ ጋር አልሄድም» ብሎ ማለ። ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ደግሞ የመኪናው ራዲያተር ፈላ፤ እዚያው እደሩ ተባልን። ሆቴል የተባለው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ትኋኑም ከኛ አገር ትኋን ቸኩሎ የሚሠራ ነው። እራት ሽሮ ነበር፤ ጨው ረስተውታል። እትዬ ዘይነባ ከሻንጣዋ በጨርቅ የተቋጠረ ጨው አውጥታ መጀመሪያ ለኔ ሰጠችኝ። ቡልኮዋን ያሰከርኩባት እኔ ነኝ፤ ጨው ቀድሞ የተሰጠውም ለኔ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ቡልኮዎቹን አጥር ላይ አሰጣናቸው። አየር ሲነካቸው ሽታው ለቀቀ፤ ቢያንስ እኛ ለቀቀ አልን። ከዚያ ተነስተን በጫንቾ፣ በሱሉልታ አድርገን እንጦጦን ወረድን። አዲስ አበባ ከላይ ሲያዩዋት ባሕር ዛፍ ናት፤ ከተማው ያለው ከሥር ነው።

መንገድ ላይ ለእትዬ ዘይነባ አልቤርጎ እንደምፈልግ ነገርኳት። «መርካቶ አልቤርጎ? አንቺ? ከነ ባለ ጥለት ነጠላሽ?» አለችና «አብሽሪ፣ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እሺም እምቢም አልተጠየቅሁም።

መርካቶን እንዴት ልንገራችሁ። የሉማሜ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሜዳው ለበግ ይቀራል። እዚህ ቅዳሜ በየቀኑ ነው። በእህል በረንዳ ስናልፍ የጤፍ ኬሻ እስከ ቆርቆሮው ተደርድሯል። እኛ አንድ ኬሻ ጤፍ ለመግዛት ሦስት ሰው እናማክራለን፤ እዚያ ሰውየው በጣቱ ያሳያል፣ ሃያ ኬሻ ይነሳል። ኩሊዎቹ «ዞር በይ፣ እናት! ዞር!» እያሉ ይሮጣሉ። ዞር ስል ሌላው ከዚያ ይመጣል። አንዱ እግሬን ረገጠኝና «እኔን!» አለ፤ ከዚያ ቆም ብሎ ያየው ግን ሸክሙን ነበር።

የእትዬ ዘይነባ ቤት ሰባተኛ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመችና ዘንቢሌን አየች።

«አንቺ ግቢ፤ እሱ አይገባም።»

የቀይ ክሩ ጠርሙስ ከጫማዬ ጋር ደጅ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር እትዬ ዘይነባ ብድግ ብላ ወጣች። አጮልቄ ሳይ ጠርሙሱን በቆርቆሮ ጣሳ ደፍታ ትሸፍነዋለች። «እንግዳ እንግዳ ነው» አለችኝ ስትመለስ።

እራት ሲቀርብ ሳህኑም ድስቱም አዲስ መሰለኝ። ኋላ እንደሰማሁት ከክርስቲያን ጎረቤቷ ተውሳ ነው፤ ልቤ ሳይጠራጠር እንድበላ። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ እሷ ቡልኮ አንጥፋ መሬት ተኛች። የትኛው ቡልኮ እንደሆነ ከሽታው አወቅሁ። እኛ ሉማሜ እንግዳ እንወዳለን እንላለን፤ ግን አረቄ የደፋብንን እንግዳ አልጋችን ላይ አስተኝተን እናውቃለን? እኔ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን

የጋሼ ዘርጋ ሱቅ ጎጃም በረንዳ ጥግ ላይ ነው። ፊት ለፊት የቅቤ ቅል ተደርድሯል፣ የእጅ ጋሪዎች ይጎተታሉ፣ የአገሬ ሰው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ዓይኔን ብጨፍን ማርቆስ ነኝ። ጋሼ ዘርጋ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጃንሆይም እሳቸውም አይስቁም።

«እትዬ እናኑ ማለት አንቺ ነሽ? ተቀመጪ። በርሜሉ ደረሳችሁ?»

«ደርሶናል፣ ጋሼ። እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«መልካሙን አሳይኛ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሙቀቱን፣ ቆረቆንዳውን፣ ጎማውን፣ ቡልኮውን። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝ።

«ደህናውን ደፋሽ፣ የተበላሸውን በደህና አደረስሽ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነጋዴ መርካቶ ሳምንት አይቆይም።»

«ሉማሜ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ጥፋተኛዋን እንዳገኘን፣ ጋኗም እንደተገለበጠ ነገርኳቸው።

«በምን አወቃችኋት?»

«በኔ አፍንጫ።»

ጋሼ ዘርጋ አፍንጫዬን አዩ። እንደ በሬ ጥርስ ነው ያዩት። «እኔ የምቀምሰው አረቄ አምጥተሽ ቢሆን አረቄውን እቀምስ ነበር። አሁን ያለሽ አፍንጫሽ ብቻ ነው፤ እንግዲህ እሱን እንቀምሳለን። ነገ ሦስት ሰዓት ነይ። በረንዳው ላይ ሰው ይኖራል። ካወቅሽ ፍርድሽን አምኜ በርሜላችሁን እቀበላለሁ። ካላወቅሽ ሌላ ነጋዴ ፈልጉ።» የቀይ ክሩን ጠርሙስ ተቀብለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

አሥራ አንድ ቤት በአፍንጫዬ ላይ ተንጠለጠለ። የዚያን ቀን ሽንኩርት አልቀመስኩም። እትዬ ዘይነባ በርበሬ ሊደልዙ ተሰብስበው የነበሩ ጎረቤቶቿን «እንግዳዬ ነገ ፈተና አለባት» ብላ ሥራውን ለከነገ ወዲያ አዛወረችው።

አራተኛው ቀን

ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ በረንዳው ሞልቷል። ጠረጴዛ ላይ ሦስት መለኪያ ተቀድቷል፤ ጠርሙስ አይታይም። ማንም ምንም አይልም። መርካቶ ውስጥ ዝምታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን መዳፌ ላይ አፍስሼ አሸሁት፣ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። «የበቆሎ ነው። ጌሾው የከረመ ነው። ዳግም አይደለም።» ጋሼ ዘርጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን ነቅነቅ አድርጌ አረፋውን አየሁ፤ ወዲያው ጠፋ። «ይሄ ውሃ ገብቶበታል። ማን እንደጨመረበት አላውቅም።» ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዘርጋ ዞረ። «ለፈተናው ነው» አሉ፤ ካፖርታቸውን እየሳቡ።

ሦስተኛው ቢጫ ነው። ጠላ አይደለም፣ ጠጅ አይደለም፣ አረቄ ደግሞ ቢጫ አይሆንም። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ገና መንገድ ላይ ሳለ ጢሱ ተቀበለኝ። ቀምሼ ቶሎ አስቀመጥኩት።

«አርሯል» አልኩ።

በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ዘርጋ ግን አልሳቁም፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «አላልኩም? ሦስት ሳምንት ሙሉ አላልኩም? እትዬ እናኑ፣ በርሜላችሁን ላኪ። ያቺ ጋኗ የተገለበጠባት ሴትም አፏን ትዝጋ፤ ፍርድሽ ልክ ነው።»

እፎይ አልኩ። ልነሳም ነጠላዬን አስተካከልኩ። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ክራባት ያሰረ ሰው ብድግ አለ። አቶ ካሣ ይባላል። ለአንድ የስኮትላንድ መሐንዲስ ስምንት ዓመት ሾፌር ሆኖ የጎጃምን መንገድ ሲለኩ አብሯቸው የዞረ ነው። መሐንዲሱ አርጅተው ወደ አገራቸው ሲገቡ ይህን ቢጫ መጠጥ፣ የአገራቸውን ውስኪ፣ ለሱ ሰጥተውት ሄዱ። ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ጋሼ ዘርጋን ቢያስቀምሳቸው «አርሯል» ብለው ፈረዱበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጣ ይከራከራል።

«እመቤቴ» አለኝ። «ሰውዬው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በልደታቸው ቀን ብቻ ነበር የሚጠጡት። ሲጠጡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ያረረ መጠጥ ለስምንት ዓመት ወዳጁ ሰው ይሰጣል?»

«ታዲያ ጢሱ ከየት መጣ?» አልኩት።

ካሣ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሥር አወጣው። ላዩ ላይ የተጻፈው የአንድ ደሴት ስም ነው አለ፤ መሐንዲሱ ራሳቸው ሲጠሩት ምራቅ ይረጩ ነበር። ደሴቲቱ ነፋስና ዝናብ ብቻ ናት፤ ዛፍ የለም፣ ፀሐይም የለም ማለት ይቻላል። «ገብሱን ነክረው ያበቅሉታል። ፀሐይ ስለሌላቸው በጢስ ያደርቁታል። የሚያነዱትም የረግረግ አፈር ነው፤ እየቆረጡ ያደርቁታል።»

«ኩበት ነው በለኛ።»

«ከብት አልነካውም እንጂ፣ አዎ።»

ብቅል በጢስ ያደርቃሉ። ይህን ስሰማ መልሼ ተቀመጥኩና «መለኪያውን መልሱልኝ» አልኩ።

አሁን ቀስ ብዬ ቀመስኩ። ፊት ላይ ጢስ አለ፤ መካድ አይቻልም። ዝናብ ሲመታው በዋለ ጎጆ ውስጥ ኩበት ሲነድ ያለው ጢስ ነው። ከጢሱ ኋላ ጨው መጣ፤ አረቄ ውስጥ ጨው ምን ይሠራል? ከጨው ኋላ ያ ቁስል የሚጠርጉበት ቡናማ መድኃኒት። ከሁሉም ኋላ ጣፈጠኝ፤ ገብስ ነው፣ ብረት ምጣድ ላይ የሚታመስ ገብስ። ዋጥኩትና ጠበቅሁ። ያረረ ድፍድፍ የሚያጋልጠው ከተዋጠ በኋላ ነው፤ ጉሮሮ መጨረሻ ላይ እንደ እሬት ይመራል። ጠበቅሁ። ምሬቱ አልመጣም።

«ጋሼ፣ ያን ቀይ ክር ያሰርኩበትን ጠርሙስ ይስጡኝ።»

የውዴን አረቄ በሌላ መለኪያ ቀዳሁ። አሸተትኩ፣ ቀመስኩ፣ ዋጥኩ፣ ጠበቅሁ። ጢስ አለ። ምሬት የለም። መጨረሻው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ይህን አረቄ ያወጣችው ሴት እሳቱን ለአፍታ አልተወችውም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎኝ ነበር። የመጨረሻውን ብቅል የማሰጣበት ፀሐይ አጣሁና ቆጥ ላይ፣ ከምድጃዬ በላይ አደረቅሁት። ሌሎቹ ሴቶች የወሰዱት በግንቦት ፀሐይ የደረቀውን ነው። የቆጡን የወሰደችው ውዴ ብቻ ናት። «እናኑ፣ ይሄ ብቅል ጠቆር አላለም?» ብላኝ ነበር። «ዓይንሽ ነው» አልኳት። እኔ ለሃያ ዓመት በዚያ ምድጃ ጢስ ውስጥ ኖሬያለሁ፤ የራሴን ቤት ጢስ አፍንጫዬ ጢስ ብሎ አይቆጥረውም። ውዴ ቤት ስገባ ግን ቆጠረው።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩትም በማያውቁኝ ሰዎች ፊት ስለሆነ ሳይሆን የምታውቀኝ ሴት እዚያ ስላልነበረች ነው።

«ጋሼ ዘርጋ» አልኩ፤ «ተሳስቻለሁ። ይሄም አላረረም፣ ያም አላረረም። ሁለቱም ብቅላቸው ነው ጢስ የጠጣው።»

«የናንተ ብቅል የማን ነው?»

«የኔ።»

ጋሼ ዘርጋ ሁለቱን መለኪያዎች ወስደው ተራ በተራ ቀመሱ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ አዩኝ።

«አሁን በርሜላችሁን ላኪ ብዬሽ ነበር እኮ። ዝም ብትይ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም፣ ጋሼ። እሱ ነው የከበደኝ።»

አገጫቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «እንግዲያው የመጀመሪያው በርሜል የዚያች ሴት ይሁን። ካንቺ ንጹሕ ብቅል፣ ከሷ እሳት። ጋኗን ሳታቀኑላት የሚመጣ አረቄ አልቀበልም።» ከዚያ ወደ ካሣ ዞሩ። «አላረረም።»

«አላልኩዎትም?» አለ ካሣ፤ ዓይኑ እንባ አቅሯል።

«አላረረም አልኩ እንጂ ይጣፍጣል አላልኩም።»

የኔን ፍርድ ለሚፈልግ ይኸውና። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እሳቱን የጠበቀው ሰው አልተኛም። ደመናማ ቀን ላይ አንድ መለኪያ ቢሰጠኝ አልመልስም፤ ሁለት ቢሰጠኝ ግን ቁስሌ የት ነው ብዬ እፈልጋለሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። እኛ በስሕተት ሠርተነው ጋን ገለበጥን፤ እነሱ ወደው ሠርተውት የደሴታቸውን ስም ጻፉበት።

ካሣ ከመጠጡ ሁለት መለኪያ ያህል በአንድ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ቀድቶ ሰጠኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ገብቶታል።

ሰባተኛ ስመለስ ለእትዬ ዘይነባ ሁሉንም ነገርኳት። ጠርሙሷን ደጅ ቆማ፣ ከሩቅ አሸተተቻት። «መርፌ ቤት ይሸታል» አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያቺን ሴት እንዴት ትክሻታለሽ?»

«ድንጋይ ተሸክሜ እሄዳለሁ። በኛ አገር እንደዚያ ነው።»

«በኛም አለ» አለች እትዬ ዘይነባ። «ብቻ ስትመርጪ ቀላሉን እንዳታነሺ። ያስታውቃል።»

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን

ስሄድ እትዬ ዘይነባ የትንሿን ጠርሙስ ውታፍ በሸማኔ ድር ሰባት ዙር አሰረችልኝ፤ ከአረቄ ጋር ያላት ነገር እሱ ብቻ ነው። የቡልኮዎቹን ጉዳት ለመካስ ብሞክር ተቆጣች። «ሦስቱ ተሽጠዋል። አንዱ ገዢ እንዲያውም ሽታውን ወደደው» አለችኝ። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ ደግ ሰው መቼ እንደሚዋሽ ለማወቅ አፍንጫ አይበቃም።

አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ፣ ሾፌሩም ያው ሾፌር ነበር። «ዛሬስ የሚፈነዳ ይዘሻል?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ድረስ ውታፉን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ወረድኩ፣ ወጣሁም። ደጀን ላይ ጎማ ተበሳና አደርን። ጣቴን ያላቀቅሁት እዚያ ነው። የቤቱ ባለቤት እጄ የቆሰለ መስሏት ቅቤ ቀባችልኝ።

ሉማሜ የገባሁት በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ ነው። ቤቴ ገብቼ ዘንቢሌን አስቀመጥኩ። ከጓሮ የብቅሌን ድንጋይ አነሳሁ፤ ብቅል ሲበቅል በቅጠል ተሸፍኖ የሚጫነው ያ ጥቁሩ፣ እናቴ ያወረሰችኝ። ከባድ ነው። ከሱ የሚቀሉ ሦስት ድንጋዮች አጥሩ ሥር ነበሩ፤ አይቼ አለፍኳቸው። ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጠርሙሷን በሌላው እጄ ይዤ ወጣሁ። በአጥሩ ቀዳዳ አጎንብሼ መግባት እችል ነበር። በገበያው ዞሬ በዋናው በር ሄድኩ። ያያችሁኝ ያኔ ነው።

ውዴ ደጃፏ ላይ ጌሾ ትለቅማለች። ጋኗ እንደተገለበጠ ነው፤ ላዩ ላይ ዶሮ ተቀምጣለች። ድንጋዩን አየች፣ ምን ድንጋይ እንደሆነም አወቀች። ተንበረከክሁ።

«እሳቱን አልተውሽም ነበር፣ ውዴ። ብቅሌ ነው። ቆጥ ላይ ነው ያደረቅሁት። ጠቆር ብሏል ብለሽኝ ነበር። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ድንጋዩን አውርጂው አላለችኝም። እጇን ዘረጋችና ጠርሙሷን ተቀበለችኝ፣ ሰባቱን ዙር ድር አንድ በአንድ ፈታች፣ ከቤት መለኪያ አምጥታ ቀዳች። መዳፏ ላይ አፍስሳ አሸችው። አሸተተች። ቀመሰች፤ ዋጠችና ጠበቀች። ከዚያ ሁለተኛውን ቀዳች። ድንጋዩ ትከሻዬን ይበላኛል፤ ጉልበቴ ጠጠር ላይ ነው፤ ከአጥሩ በላይ ግማሽ ገበያ ያየናል። ውዴ አልቸኮለችም።

«የፈረንጅ ነው» አልኩ። «ደሴት ላይ ነው የሚያወጡት።»

ውዴ ባዶውን መለኪያ ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው።

«ይህንንም ብቅል አንች ነሽ የሸጥሽላቸው?»

የአጥሩ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ተነስታ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻዬ አነሳችልኝ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፣ ዶሮዋን አባረረች። ጋኑን አብረን አቀናነው። የመጀመሪያው በርሜል የሷ ሆኖ ሄደ፤ ጋሼ ዘርጋም ተቀበሉት።

ድንጋዩን ግን አልመለሰችልኝም። ከዚያ በርሜል ወዲህ ብቅሏን በሱ ራሷ ታበቅላለች።